መልስ፦ መጀመሪያ ያንን የ9 ቮልት ባትሪ ተወው

ወንድሜ፣ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ትርኢት የሠራኸው የኤሌክትሪክ ማግኔት ሦስት ስፒል ብቻ አንስቶ ባትሪው ጋለ፣ ስታላቅቀው ደግሞ ስፒሎቹ አልወድቅ አሉ ብለሃል። የተጠቀምከው 40 ዙር የቤት መስመር ሽቦ፣ የኮንክሪት ምስማርና ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው። ከላይ የመለሱልህ ሁሉ "ዙር ጨምር" ብለውሃል። ዙር ብቻ ብትጨምር ዓርብ ጠዋት ትርኢቱ ላይም እዚያው ነህ።

1. ባትሪው። የማግኔቱ ጉልበት የሚመጣው ከቮልቱ ሳይሆን በሽቦው የሚያልፈው አምፔር (የኤሌክትሪክ ፍሰቱ መጠን) በዙሩ ብዛት ሲባዛ ነው። ባለ 9 ቮልቷ ባትሪ ብትከፈት ውስጧ በተርታ የተያያዙ ስድስት ትንንሽ ባለ 1.5 ቮልት ሴሎች ናቸው። ለሬዲዮና ለቴስተር (ለኤሌክትሪክ መለኪያ) ትሆናለች እንጂ ብዙ አምፔር መስጠት አትችልም፤ ርካሿማ 1 አምፔር እንኳ ይከብዳታል። ያንተ 40 ዙር ወፍራም ሽቦ ሬዚስታንሱ (ፍሰቱን የሚገታበት መጠን) ከዜሮ ብዙም ስለማይርቅ የባትሪዋን ሁለት ጫፎች በቀጥታ እንዳገናኘህ ቁጠረው፤ ኃይሉ እዚያው ሆዷ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ቀረ። 40 ዙር በ1 አምፔር ብንል 40 ነው። በአንድ ትልቁ ባትሪ ድንጋይ፣ በ1.5 ቮልት ብቻ፣ 200 አካባቢ ማግኘት ይቻላል። እንዴት እንደሆነ ቀጥሎ ነው።

2. ሽቦው። የቤት መስመር ሽቦ ፕላስቲኩ ቦታ ይበላል። የምትፈልገው ሞተር የሚጠመጥሙ ቤቶች ያላቸውን ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ ነው፤ ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር። ከመክፈልህ በፊት ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገህ እይ። ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የመሰለ አሉሚኒየም ነው፣ መልሰው። (ይህን እያወቁ የመዳብ ዋጋ የሚጠይቁ ሞልተዋል፤ "ያው ነው" ቢሉህ ያው አይደለም፣ የአሉሚኒየም ሬዚስታንስ ከመዳብ በ1.6 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።) 300 ዙር ጠምጥም። ወደ 8 ሜትር ይወስዳል፣ ሬዚስታንሱም 2 ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ ነው) አካባቢ ይሆናል። የባትሪው የራሱ ሲታከልበት ከ0.6 እስከ 0.7 አምፔር ያልፋል ማለት ነው። ጥቅሉ ለብ ይላል እንጂ አይግልም።

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ግን ጫፎቹ ላይ ነው። ቫርኒሹ ቀለሙ መዳብ ስለሚመስል የተላጠ ይመስልሃል። በሁለቱም ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን እያሽከረከርክ ፋቅ፤ ጥቁር ቡናማው ጠፍቶ ብሩህ ሮዝ እስኪሆን። ከዚያ በቴስተር ለካ። ምንም ካላነበበ ጫፉ አልተላጠም ወይም ሽቦው ተበጥሷል። ከ2 ኦም በጣም ካነሰ ስትጠመጥም ቫርኒሹ ተልጦ ዙሮቹ እርስ በርስ ወይም ከብረቱ ጋር ተነካክተዋል። ለዚህ ነው ብረቱን መጀመሪያ በአንድ ዙር ወረቀት ወይም ናስትሮ የምትሸፍነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጅን በ1825 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ማግኔት ሲሠራ ሽፋን ያለው ሽቦ ስላልነበረው ብረቱን ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ራቁቱን ሽቦ አራርቆ ጥቂት ዙር ብቻ ነው የጠመጠመው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ ሽቦውን ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ ዙሮቹን አጠጋግቶ ሲደራርባቸው ነው ጉልበቱ የዘለለው።

ስትጠመጥም የመጀመሪያው ንብርብር ጫፍ ሲደርስ ወደ ኋላ መመለስ ትችላለህ፤ የመዞሪያው አቅጣጫ ግን አይቀየር። በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ከጀመርክ እስከ መጨረሻው እንደዚያው። ከተቀየረ ሁለተኛው ንብርብር የመጀመሪያውን ይሰርዘዋል፤ 150 በዚህ 150 በዚያ ጠምጥሞ "አልሠራም" የሚለው ብዙ ነው።

3. ብረቱ። ስፒሎቹ አልወድቅ ያሉት የኮንክሪት ምስማር ስለሆነ ነው። ብረት ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ ማግኔት የሆኑ ሰፈሮች አሉ። እንደ ገበያ ሰው ሁሉም በየፊናው ሲያይ ድምራቸው ዜሮ ነው። በጥቅሉ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ጉልበቱን የሚያበዛልህ ይህ ሰልፍ ነው። ሲቋረጥ ለስላሳ ብረት ቶሎ ይበተናል። እንደ ኮንክሪት ምስማሩ የጠነከረ ብረት ግን ሰልፉን ይዞ ይቀራል። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የተጻፈበት ብሎንም ያው ነው፣ አትግዛው።

በጣም ርካሹና በጣም ጥሩው የፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ ነው። ፋብሪካው ራሱ በእሳት አለስልሶታል። ባለ 1.5 ሚሊውን በ10 ሴንቲ ሜትር ቆራርጠህ 19 ዘንግ አድርግ፤ አንዱ መሀል፣ 6 ዙሪያው፣ 12 ደግሞ ከውጭ ሲሆኑ ክብ ሆነው ግጥም ይላሉ። ውፍረቱ 7.5 ሚሊ ይሆናል። በናስትሮ አጥብቀህ እሰር፣ ስፒል የሚነካውን ጫፍ በሞረድ አስተካክል። ጫፉን ቀለም ወይም ናስትሮ አታልብሰው፤ በብረቱና በስፒሉ መካከል የምትገባ ስስ ክፍተት እንኳ ጉልበቱን ታወርደዋለች።

ምስማር ካልሆነ ብለህ ሙጥኝ ካልክ ተራውን የእንጨት ምስማር ከሰል ውስጥ አግባና እያራገብክ ፍም እስኪመስል አግለው። ከዚያ ውኃ ውስጥ አትጨምረው፣ ይጠነክራል። አመድ ውስጥ ቅበረውና እስኪበርድ እዚያው ተወው። የቆርቆሮ ምስማር ግን እሳት ውስጥ አታስገባ፤ የተለበጠው ዚንክ ጭሱ ያሳምማል።

ስለ ዙር ጭማሪው፦ በዚሁ ሽቦ 600 ዙር ብታደርገው ሬዚስታንሱም እጥፍ ስለሚሆን አምፔሩ በግማሽ ገደማ ይወርዳል፣ ብዜቱ ያው 200 አካባቢ ነው። ትርፉ ባትሪው ረጅም ጊዜ መቆየቱ ብቻ ነው። ጉልበት ከፈለግክ ሁለት ባትሪ ድንጋይ በተርታ አያይዝ፤ ወደ 350 ይጠጋል፣ ግን ስለሚሞቅ ከ15 ሰከንድ በላይ አታቆየው። የስልክ ቻርጀር አያይዝ ያለህ ሰው ሲሳሳት ነው፣ 2 ኦም ላይ ከአቅሙ በላይ ተጠይቆ ይዘጋል ወይም ይበላሻል። የቤቱ 220 ቮልት መስመር ላይ ደግሞ በጭራሽ።

ዳኞቹ "ባትሪውን ብናዞረውስ?" ማለታቸው አይቀርም። ስፒሉን እንደበፊቱ ያነሳል፣ የሰሜንና የደቡብ ዋልታው ግን ይገለበጣል። ይህን በኮምፓስ አሳያቸው። ኮምፓስ ከሌለ የስልክህም ይሠራል፤ ከማግኔቱ አንድ ስንዝር አርቀህ ያዘው፣ በጣም ከተጠጋ ሴንሰሩ ይዛባና ስልኩን በስምንት ቁጥር ቅርጽ እያወዛወዝክ እንደገና ማስተካከል ይኖርብሃል።