ደም የሚያቆመውን ክኒን ከቤት ልጀምረው?

ጥያቄ፦ የ36 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ ደም ተሰጥቶኛል። አሁንም ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞልኛል። ትራኔክሳሚክ አሲድ ክኒን ገዝቻለሁ፤ ሦስት ቀን ቀደም ብዬ ብጀምረውስ?

መልስ፦ አይጀምሩት። ያ ደም እንዳይደገምብዎ መፍራትዎ ይገባኛል። አንዴ የደማች እናት ዳግም የመድማት ዕድሏ ከፍ ይላል፤ ብዙዎቹ ግን አይደገምባቸውም። ለሐኪሞቹ ከነገሯቸው ደሙም መድኃኒቱም ቀድሞ ይዘጋጃል።

በብዛት የሚያደማው የማሕፀን አለመኮማተር ነው። ስለዚህ ልጁ እንደወጣ ማሕፀንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን በደም ሥር ይሰጣል፤ ቀስ ተብሎ፣ ምክንያቱም በፍጥነት ከተገፋ የደም ግፊት ይጥላል። ካልበቃ ኤርጎሜትሪን ወይም ካርቦፕሮስት ይጨመራል። ኤርጎሜትሪን ደም ግፊት ላለባት፣ ካርቦፕሮስት አስም ላለባት አይሰጥም፤ ካለብዎ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ማሕፀን የሚወጣው ሌላው ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር ነው።

ትራኔክሳሚክ አሲድ ማሕፀንን አያኮማትርም፤ የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ ይይዛል እንጂ። እናት ስትደማ 1 ግራም በደም ሥር በ10 ደቂቃ ይገባል፤ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ። ከ30 ደቂቃ በኋላም ካልቆመ ይደገማል። እርግዝና በራሱ ደምን ለመርጋት ያዘጋጃል፤ በዚያ ላይ ማንም ሳያዝልዎ ለቀናት ክኒን መዋጥ ምን ይሉታል? ለሌላ ሴት ለወር አበባ መብዛት የታዘዘ ለእርስዎ እርግዝና አልታዘዘም። ከዋጡም ለሰመመን ሰጪው ሳይደብቁ ይንገሩ።

በቀሩት ሳምንታት ሄሞግሎቢንዎን (ደም ማነስ መኖሩን የሚያሳየውን) ይመርመሩ፤ ዝቅ ካለ አይረን አሁኑኑ ይታዘዝልዎ። የእንግዴ ልጁ በድሮው ጠባሳ ላይ አለመቀመጡም በአልትራሳውንድ ይታይ።

ቤት ከገቡ በኋላ ግን «መጥፎው ደም ይውጣላት» የሚለውን አይስሙ። መጥፎ ደም የሚባል የለም፤ የሚፈሰው በልብዎ ሲዞር የነበረው ያው ደም ነው። ጤናማው ፈሳሽ እየቀነሰ ከቀይ ወደ ቡናማ፣ ከዚያም ወደ ቢጫማ ይሄዳል። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ ቀንሶ የነበረው እንደገና በርትቶ ከቀላ፣ ወይም ዕንቁላል የሚያክል የረጋ ደም ከወጣ ሁለተኛውን ሞዴስ ለመቁጠር አይቀመጡ፤ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። «ግፊቷ ደህና ነው» ተብሎም አይዘናጉ፤ ወጣት እናት ብዙ ደም አጥታም ግፊቷ ላይወርድ ይችላል፤ ቀድሞ የሚፈጥነው የልብ ምት ነው። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ደግሞ ሆዷ ውስጥም ልትደማ ትችላለች። ሞዴሱ ንጹሕ ሆኖ ሆድዎ ከተነፋ፣ ከገረጡና ሲነሱ ካዞረዎት በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።