ከቪታሚኑ በፊት አቀማመጡ

እህቴ፣ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር) ያለበት የአራት ዓመት ልጅሽ ወተትና አጥሚት ስትሰጪው ትን እንደሚለው፣ አንዱን ምግብ ለመጨረስ ከሰዓት በላይ እንደሚፈጅብሽ ገልጸሽ የሚያወፍር ቪታሚን ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ አዳማ ያሳደግናት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አባት ነኝ፤ እሷን የማብላቱ ሥራም በአብዛኛው የእኔ ነው። ቪታሚኑን ለጊዜው ተዪውና አቀማመጡን እንይ።

ጭንሽ ላይ አጋድመሽ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀና አድርገሽ እንደምታጠጪው ጽፈሻል። እንዲህ ሲሆን ፈሳሹ ልጁ ለመዋጥ ሳይዘጋጅ ይወርድና ከፊሉ ወደ ሳንባ ይገባል። አማትሽ ቢቆጡም ይህ ልጅ መጋት የለበትም። ዳሌው ከመደገፊያው ተጠግቶ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። እግሩም መርገጫ ያግኝ፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ ሰውነቱ ይገተራል፣ አንገቱም አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወንበሩን ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል። ልጁን ይዘሽ ሄደሽ እዚያው ይለካ፤ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት በእግሮቹ መካከል በስፖንጅ የተሸፈነ እንጨት ይቁምለት።

ማንኪያው ትንሽና ጠፍጣፋ ይሁን። ከፊት ለፊቱ ተቀምጠሽ በአፉ ትክክል አምጪው፣ ምላሱን በቀስታ ተጫኚ፣ ከንፈሩን እስኪገጥም ጠብቂ። መዋጡን ሳታረጋግጪ አትድገሚ። «እኔ ላጉርሰው» የሚል ዘመድ መቼም አይጠፋም። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን እንጀራ በወጥ ጠቅልሎ የሚመጣን እጅ እመልሳለሁ። በሰፈር «ጉርሻ ከልካዩ» የሚል ስም አትርፌበታለሁ።

ለመዋጥ ከሁሉም የሚያስቸግረው ውሃ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ያመልጠዋል። በአዳማ ሙቀት ደግሞ ውሃ ያነሰው ልጅ ሆዱ ይደርቃል፣ ሆዱ ሲደርቅም ምግብ ይጠላል። ስለዚህ አጥሚቱን ወፈር አድርጊው፤ ውሃውን ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ፣ በማንኪያ ስጪው። የተፈጨ ፓፓያም ለድርቀቱ ይረዳል። ክብደቱ እንዲጨምር ገንፎው ላይ ቅቤ ወይም ዘይት፣ የተፈጨ እንቁላል፣ አቮካዶ ጨምሪበት፤ ብዙ መብላት ለሚደክመው ልጅ ጥቂቱ ምግብ ጉልበት ያለው መሆን አለበት። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አታስተኚው።

የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ስለሚያስተኛው ላቁመው ወይ ላልሽው፦ በፍጹም! በድንገት ማቆም የባሰ መንቀጥቀጥ ያመጣል። መጠኑን ሐኪሙ ያስተካክል፤ እስከዚያው እያንጎላጀ አታብዪው።

ከምግብ በኋላ ድምፁ እርጥብ ሆኖ የሚንኮራኮር ከሆነ ወይም የሳንባ ምች ከተመላለሰበት አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ውሰጂው። ሲበላ ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ማብላቱን አቁመሽ በዚያው ሰዓት ሂጂ። ምግብ ወደ ሳንባቸው ሲገባ ምንም የማያስላቸው ልጆችም ስላሉ አለማሳሉ አያዘናጋሽ። ለቀጠሮው ደግሞ ቤት ውስጥ ሲበላ በስልክሽ ቅረጪው፤ ሐኪም ፊት አፉን አልከፍትም ማለቱ አይቀርምና ቪዲዮውን አሳዪያቸው።