ሃያ ሦስትን 203 ብላ ለምትጽፍ ልጅ

እህቴ፣ የሁለተኛ ክፍል ልጅዎ እስከ መቶ ሳትሳሳት እየቆጠረች «ሃያ ሦስት ጻፊ» ሲሏት 203 ብላ እንደምትጽፍ ነግረውን፣ ሱቅ ያዩትን ውድ የፕላስቲክ መቁጠሪያ ልግዛላት ወይ ብለው ጠይቀዋል። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር 14 ዓመት ሆኖኛል፤ ይህን 203 በየዓመቱ አገኘዋለሁ። ለጊዜው አይግዙ። የሚያስፈልግዎት አንድ ጭብጥ ስንደዶ፣ ክርና ባዶ ካርቶን ነው።

አስቀድሜ ግን ለልጅዎ ልሟገትላት። የጻፈችው የሰማችውን ነው፤ ሃያን 20፣ ሦስትን 3 አድርጋ ጎን ለጎን አስቀመጠች። በግዕዝ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበረች፤ ፳ እና ፫ ተከታትለው ሲጻፉ ፳፫ ናቸው። ግዕዝ ለአሥር ፲፣ ለሃያ ፳፣ ለሠላሳ ፴ እያለ ለእያንዳንዱ የራሱን ምልክት ስለሰጠ ዜሮ አላስፈለገውም። በ23 ውስጥ ያለው 2 ግን ሃያ የሚሆነው በቆመበት ቤት ምክንያት ብቻ ነው። ከቤቱ ቢወጣ ሁለት ነው። ይህ ለስምንት ዓመት ልጅ ከባድ ነገር ነውና «ስንት ጊዜ ልንገርሽ» እንዳይሏት አደራ።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ የክፍል ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ማታ ቤቴ ተቀምጬ ስንደዶውን አሥር አሥር እያደረግሁ አስሬ እወስድ ነበር። እኩል የተቆረጡ፣ በቀይ ክር የታሰሩ፣ የሚያምሩ እስሮች ነበሩ። «አንድ እስር ስንት ነው?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አሥር!» ይላል። ሦስት እስርና አራት ነጠላ ሰጥቼ ስንት እንደሆነ ስጠይቅ ግን ብዙዎቹ «ሰባት» አሉኝ። ለእነሱ እስሩ እንደ ገበያ ጎመን እስር አንድ ዕቃ ነበር። በውስጡ አሥር መኖሩን የሚያውቁት እኔ ስለነገርኳቸው ብቻ ነው፤ ቆጥረው ያሰሩት እጆች የእኔ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ለልጅ የታሰረ ነገር ሰጥቼ አላውቅም።

ስለዚህ ልጅዎ ትሰር። ካርቶኑን በመስመር ለሁለት ይክፈሉት፤ በግራ «የአሥር ቤት»፣ በቀኝ «የአንድ ቤት» ብላ ራሷ ትጻፍበት። አርባ ያህል ስንደዶ ይስጧትና በአንድ ቤት ላይ አንድ በአንድ እየቆጠረች ታስቀምጥ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ በአንድ ቤት ከዘጠኝ በላይ ማደር አይቻልም። አሥረኛው ሲመጣ ሁሉም ተሰብስበው ይታሰሩና ወደ ግራ ይሻገራሉ። ክሩን ለማሰር ብትቸገር እንኳ አይቀሟት፤ በዚያ ትግል ውስጥ ነው አሥሩ አንድ የሚሆነው። 39 ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆም ይበሉና «አንድ ብንጨምር ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቋት። ታስራለች፣ ታሻግራለች፣ ከዚያ የቀኙ ቤት ባዶውን ይቀራል። ዜሮን የሚያስተዋውቋት በዚህች ሰዓት ነው፦ «ቤቱ አለ፣ ሰው ግን የለበትም» የሚል ምልክት ነው ይበሏት።

የቋንቋችንንም ነገር ልብ ይበሉ። «አሥራ ሦስት» አሥር መኖሩን በግልጽ ይናገራል፤ «ሃያ» ግን ሁለቱን አሥር ደብቋቸዋል። እኔ ለሁለት ሳምንት ያህል ልጆቹን «ሁለት አሥር ከሦስት፣ ሃያ ሦስት» እያስባልኩ ሁለቱንም ስሞች አብረው እንዲጠሩ አደርጋለሁ። ከዚያ ጆሯቸው ራሱ ያገኘዋል፤ ሠላሳ ውስጥ ሦስት፣ አርባ ውስጥ አራት፣ ሃምሳ ውስጥ አምስት፣ ዘጠና ውስጥ ዘጠኝ ይሰማቸዋል። የማይመሳሰለው ሃያ ብቻ ነው፤ ልጅዎም የተሰናከለችው እሱ ላይ ነው።

ለ203 ግን ዋናው መድኃኒት ካርዱ ነው። ከካርቶን አራት ጣት ስፋት ያላቸው ዘጠኝ ካርዶች ቆርጠው 10፣ 20፣ 30 እያሉ እስከ 90 ይጻፉባቸው። የእነዚያ ግማሽ ስፋት ያላቸው ሌሎች ዘጠኝ ካርዶች ደግሞ ከ1 እስከ 9 ይጻፍባቸው። ሁለት እስርና ሦስት ነጠላ ስታስቀምጥ 20 የሚለውንና 3 የሚለውን ካርድ ታምጣ። ጎን ለጎን ካስቀመጠቻቸው ያው 203 ነው። አሁን 3ቱን አንስታ በዜሮው ላይ ትደርበው። 23! ስታነሣው ዜሮው ከሥር አለ፣ ስትደርበው ይሸፈናል። ልጆች ይህን ደጋግመው ሲያነሡና ሲደርቡ አይቻለሁ፤ ሃያው ሳይጠፋ ዜሮው የት እንደገባ በዓይናቸው ያዩታል። ምንም ያህል ብናገር በቃል እንዲህ ላስረዳ አልችልም።

ስንደዶው ከሁሉ የሚበልጥበት ቦታ መቀነስ ነው። አንድ ተማሪዬ 42 ላይ 17 እንዲቀንስ ሰጥቼው ሁለቱን ነጠላ እያየ ዝም አለ፣ ከዚያ አንዱን እስር አንሥቶ «መምህር፣ ልፍታው?» አለኝ። «መበደር» የሚለውን ቃል ገና አላስተማርኩትም ነበር። ሲፈታው ነጠላዎቹ 12 ሆኑ፣ ሰባቱን አነሣ፣ የቀረውን እሱ ጨረሰው። በፕላስቲኩ መቁጠሪያ ውስጥ አሥርን የሚወክለው ዘንግ ግን አይፈታም፤ በአሥር ነጠላ መለወጥ አለበት። ስለዚህ ማሰርና መፍታት ለገባው ልጅ ጥሩ ቀጣይ ነው፣ ለመጀመሪያ ግን አልመርጠውም።

ብርም እንደዚሁ ቆየት ብሎ ይምጣ። ባለ 10 ብር ኖት በመጠኑ የባለ 1 ብር ሳንቲም አሥር እጥፍ ስላልሆነ ዓይን አይረዳትም። ጊዜው ሲደርስ 1፣ 10 እና 100 ብር ብቻ ይጠቀሙ፤ 5፣ 50 እና 200 ቤቶቹን ያደበላልቁባታል። በመሐል ደብተሯ ላይ ለእስር ረጅም መስመር፣ ለነጠላ ነጥብ እያደረገች ትሳል። አሥር እስሮች ሲሞሉ ደግሞ በገመድ ታስራቸውና በሁለት እጇ ትቀፋቸው፤ መቶ ምን ያህል እንደሆነ በክንዷ ይታወቃታል።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ይህን ይሞክሩ። 16 ነጠላ ስንደዶ አስቆጥረው 16 ብላ ትጻፍ። 6ቱን በጣትዎ እያመለከቱ «ይህ የትኞቹ ናቸው?» ይበሏት፤ ስድስት ታሳያለች። ቀጥለው 1ን እያመለከቱ «ይህስ?» ይበሏት። ብዙ ልጆች አንዲት ስንደዶ ብቻ ያነሣሉ፤ የቀሩት ዘጠኝ ባለቤት ማጣታቸው አይታያቸውም። አያርሟት፣ ዝም ብለው ይዩ። አንድ አንሥታ ከሆነ ከማሰሩ ይጀምሩ፤ አሥር አንሥታ ከሆነ በቀጥታ ወደ ካርዶቹ ይሂዱ። ምን እንዳነሣች እዚሁ ይጻፉልኝ።