ስሙ ሳይመዘገብ ታፔላ አታሠሩ

«ጋሼ፣ ድርጅቴን ‹ፋሲል› ብዬው ታፔላ ላሠራ ነው፤ ችግር አለው?» ብሎ የጠየቀኝ ወጣት የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ በርበሬና ሽሮ የምታዘጋጅ አንዲት ባለሙያ ነበረች። እቁብ የወጣላት ጊዜ የፋሲል ግንብ ምስል ያለበት፣ የመረጠችው ስም በቀይ የተጻፈበት ከረጢት በብዛት አሳተመች። ወደ እኔ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ የማኅበሯን መመሥረቻ ጽሑፍ እንዳዘጋጅላት። ስሙን ለምዝገባ ስናቀርብ ሌላ ነጋዴ ቀድሞ አስመዝግቦታል። «‹አዲስ› የሚል ብንጨምርበትስ?» አለችኝ። አልሆነም፤ የተከለከለው ቁርጥ አንድ የሆነው ስም ብቻ ሳይሆን ገዥን የሚያሳስት ተመሳሳይም ጭምር ነው። አንድ ቀን ቤቷ ብሄድ ልጆቿ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ስሙን ከየከረጢቱ ላይ በጥቁር ቀለም ይደልዛሉ። ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ አልይዝ ብሎ እጃቸውን አጥቁሮታል። እሷ ቡና አፈላችልኝ፤ ስለ ስሙ ግን ትንፍሽ አላለችም። ደንበኞቿም ለወራት በየሱቁ የድሮውን ስም እየጠሩ ሲያጡት የሌላ ሰው በርበሬ ይዘው ይሄዱ ነበር።

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008ን አንብቡት፤ ረጅም አይደለም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ከሃይማኖት ተቋም ስም ጋር የሚምታታ፣ ለሞራል ተቃራኒ የሆነ ስም አይመዘገብም። በታቦት ስም ሆቴል ልክፈት የሚል ደንበኛ ግን ዛሬም አላጣሁም። የ2013ቱ የንግድ ሕግ ለብቻ ማኅበር ማቋቋምን ስለፈቀደ ብዙዎቻችሁ በዚያ ትመጣላችሁ። መልካም ነው፤ በማንኛውም ማኅበር ግን ከስሙ ቀጥሎ ዓይነቱ ይጻፋል፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርም ይሁን አክሲዮን ማኅበር። ከረጢት የምታሳትሙ ደግሞ የንግድ ምልክት፣ ማለትም ዕቃችሁ ከሌላው የሚለይበት ስም ወይም ምስል፣ ከንግድ ስሙ የተለየ ጉዳይ መሆኑን እወቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ለብቻው ይመዘገባል።

የዛሬ ልጆች ጥድፊያችሁ አይጣል ነው። ገና አንድ ሱቅ ሳይከፈት «ግሎባል»፣ «ኢንተርናሽናል»! ስሙን ለማስመዝገብ ግን ተጣደፉ፤ እዚያ ላይ ስትዘገዩ ነው የማያችሁ። ሁለት ሦስት አማራጭ ይዛችሁ ቅረቡ። በእኔ ምርጫ ቢሆን ከፋሲልና ከጎንደር ራቁ፤ ከተማው በሁለቱ ተጥለቅልቋል። የወንዞቻችን ስም ቀሃ አለ፣ አንገረብ አለ። እነሱም ከተያዙ የራሳችሁን ስም ከነአባታችሁ ሞክሩ፤ እኔ ቢሮዬን የከፈትሁት በዚያ ነው፣ እስካሁንም የተሻማኝ የለም።