የትራም ቲኬት እንዴት ሥዕል ይሆናል?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ልጄን ለመጠየቅ ጀርመን አገር፣ ሀኖቨር ከተማ በሄድሁበት ጊዜ ሽፕሬንግል ሙዚየም ወሰደችኝና ከመዳፌ እምብዛም የማትበልጥ፣ ያገለገሉ የትራም ቲኬቶችና የጋዜጣ ቁርጥራጮች የተለጠፉባት የጀርመናዊው ሠዓሊ የኩርት ሽቪተርስ ሥራ አየሁ። የልጅ ልጄ ወለል ላይ ተቀምጣ ከምትለጣጥፈው በምን እንደምትለይ አልገባኝም። ከሥሯ የተጻፈውንም «መርዝ» ብዬ በማንበቤ ቤተሰቡን አስቄአለሁ።

መልስ፦ ከቃሉ እንነሣ። አነባበቡ «ሜርትስ» ነው፤ በራሱ ፍቺ የለውም። ሽቪተርስ በ1919 ዓ.ም. ገደማ (ዘመኑን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) የአንድ ባንክ ስም ከታተመበት ወረቀት ላይ ንግድ የሚል ትርጉም ያለውን «ኮሜርትስ» ቆርጦ ሲለጥፍ የተረፈችው ቁራጭ ነች፤ እርሱም ወድዷት የሥራው ሁሉ መጠሪያ አደረጋት።

ሽቪተርስ መሣል አቅቶት ወደ ወረቀት የሸሸ ሰው አልነበረም። በድሬዝደን የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተምሯል፤ በስደት ሳለም የሰዎችን መልክ እየሣለ ይተዳደር ነበር። ከእርሱ በፊት፣ በ1912፣ ሠዓሊዎቹ ፒካሶና ብራክ ፈረንሳይ ውስጥ ጋዜጣና የግድግዳ ወረቀት ሥዕላቸው ላይ ለጥፈዋል፤ የእነርሱ ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ ጠረጴዛን ወይም ቫዮሊንን ለማመልከት የገባ ነበር። በሽቪተርስ ዘንድ ቲኬቱ ሌላ ነገር እንዲመስል አይጠየቅም፤ ቀለሙ፣ የተቀደደ ጠርዙና የታተመበት ቁጥር እንደ ቀለም ጠብታና እንደ መስመር ያገለግላሉ። በዱቄት ሙጫ በራሰው ገጽ ላይ ቁርጥራጮቹን ወዲያና ወዲህ እያንሸራተተ ቦታቸውን ይፈልግላቸው እንደነበር ያዩት ሰዎች ተናግረዋል። የልጅ ልጅዎ ወረቀቱን ወድዳው ትለጥፋለች፤ እርሱ ደግሞ አንዱ ቁራጭ በጎረቤቱ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ይመዝናል። እነዚህን ትንንሽ ሥራዎች «የሜርትስ ንድፍ» ብሎ መሰየሙም በእኛ አስተያየት ከዚህ የመጣ ነው፤ ሌላው በእርሳስ የሚሠራውን እርሱ በቁርጥራጭ ሠራው።

እርግጥ ነው፣ «ይህማ የልጅ ጨዋታ ነው» ያሉ ሌሎችም ነበሩ፤ ናዚዎች በ1937 ሙኒክ ላይ ባዘጋጁት የማዋረጃ ትርኢት ሥራዎቹን ለመሳለቂያ ሰቅለዋቸዋል። (እርስዎን ከእነርሱ ጋር አልቆጠርንዎትም፤ እርስዎ ጠይቀዋል።) በዚያው ዓመት ወደ ኖርዌይ፣ በ1940 ደግሞ ወደ ብሪታንያ ተሰደደ፤ በ1948 እስኪሞትም ድረስ መለጠፉን አልተወም። በአዲሱ አገር የሚያገኛቸው ወረቀቶች እንግሊዝኛ የታተመባቸው ስለሆኑ፣ የኋለኞቹን ሥራዎቹን ሀኖቨር ሳለ ከሠራቸው አጠገብ ቢያዩ ስደቱን ከቁርጥራጮቹ ቋንቋ ያነቡታል።

ዳግመኛ ሲሄዱ ክፍሉ ደብዘዝ ያለ መብራት ቢኖረው አይገረሙ፤ የጋዜጣ ወረቀት ብርሃን ሲበዛበት ይጠወልጋል፣ ይሰባበራልም። ዛሬ ቡናማ ሆኖ የሚታየው ወረቀት ሲለጠፍ ነጣ ያለ ሊሆን ይችላል።