ራሳቸው ያልፈለጉትን ሰላም እኛ ብንጸልይ ምን ይረባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በጽዋ ማኅበራችን የእስራኤልና የፍልስጤም ነገር ተነሥቶ ልንጣላ ምንም አልቀረን። አንዷ እኅት «ከእስራኤል ጋር ያልቆመ ከእግዚአብሔር ጋር አልቆመም» አለች። ልጄ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ለፍልስጤም ሰልፍ ይወጣል፣ ቤት ሲመጣም በዚህ እንጨቃጨቃለን። በዚያ ላይ ሁለቱም ሕዝቦች ጎን ለጎን በሁለት አገር መኖርን እንደማይደግፉ የሚያሳይ የሕዝብ አስተያየት ጥናት አነበብኩ። እነሱ ያልፈለጉትን ሰላም እኛ ብንጸልይ ምን ይረባል? የምንጸልየውስ ለማን ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ለሁለቱም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እስራኤል ዘሥጋን (በትውልድ እስራኤል የሆኑትን) እና እስራኤል ዘነፍስን (በእምነት የእግዚአብሔር ሕዝብ የሆኑትን) ለይታ ታስተምራለች። በ1948 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የተመሠረተው መንግሥት እንደማንኛውም መንግሥት ነው፤ ሲያጠፋ ቢወቀስ እግዚአብሔርን መቃወም አይሆንም። እንዲህ ስንል ግን አይሁድን ወደ መጥላት እንዳንንሸራተት። ጌታችን በሥጋ፣ እመቤታችንም፣ ሐዋርያትም ከእነርሱ ናቸው።

የዛሬዎቹ ፍልስጤማውያንም ዳዊት የተዋጋቸው የጎልያድ ሠራዊት አይደሉም። ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ በቤተልሔምና በቤተ ሳሑር ግን ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ክርስቲያኖች አሉ። ጋዛ ውስጥም አሉ። በኦክቶበር 2023 በእስራኤል የአየር ድብደባ የቅዱስ ጶርፊርዮስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሕንፃ ሲፈርስ፣ እዚያ ተጠልለው የነበሩ ምእመናን ሞተዋል። በየጽዋው «እነርሱ» እያልን ስናወራ ይህን የሚያስታውስ አላጋጠመኝም።

ያነበብሽው ጥናት እውነት ነው። በራማላ ያለው የፍልስጤም የጥናት ማዕከል ከቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2022 ባካሄደው ጥናት፣ ሁለት አገርን የደገፈው ከፍልስጤማውያን 33፣ ከእስራኤል አይሁድ ደግሞ 34 በመቶ ብቻ ነበር። ልብ በይ፣ ይህ ሐማስ በኦክቶበር 7 ቀን 2023 በእስራኤል ላይ ጥቃት ከማድረሱ በፊት ነው። እዚያው ላይ ሌላ ቁጥር አለ፤ ከሁለቱም ወገን ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆነው «እነዚያ አይታመኑም» ብሏል። እኔ ዋናው እንቅፋት ይህ ይመስለኛል። ድንበሩም፣ ኢየሩሳሌምም፣ የስደተኞቹም ጉዳይ ከባድ ነው። ግን ቃሉን ይበላል ብለሽ ከምታምኚው ሰው ጋር ምን ውል ትዋዋያለሽ?

ደግሞም ሁለቱም የሚፈሩት በባዶ ሜዳ አይደለም። እስራኤላዊው «በ2005 ከጋዛ ወጣን፤ ሮኬት ተተኮሰብን። ኦክቶበር 7 ላይ ደግሞ ወደ 1,200 ሰው ተገደለብን፣ 251 ታገተብን» ይላል። ፍልስጤማዊው «በ1993 የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢንና መሪያችን አራፋት ለሰላም ስምምነት ኋይት ሐውስ ላይ ሲጨባበጡ አገር ልናገኝ ነው ብለን ነበር። ያኔ በዌስት ባንክ ከመቶ ሺህ ትንሽ የሚበልጥ እስራኤላዊ ሰፋሪ ነበር፤ ዛሬ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ሳይጨምር ግማሽ ሚሊዮን ደርሷል። በጋዛም በአሥር ሺዎች አልቀውብናል» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት የሆነውን ነው። ችግሩ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ በቃሉ መያዙ ነው።

ደግሞ የተጀመረን ሰላም ጥቂት ሰዎች ሊያፈርሱት ይችላሉ። በ1994 አንድ አይሁዳዊ ሰፋሪ ኬብሮን መስጊድ ገብቶ በጸሎት ላይ የነበሩ 29 ሙስሊሞችን ገደለ። ሐማስ በአውቶቡሶች ላይ ቦምብ አፈነዳ። በ1995 ራቢንን የገደለው የገዛ ወገኑ ነው። ከእያንዳንዱ ደም በኋላ ብዙኃኑ «ብለን ነበር እኮ!» እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል። የሕዝብ አስተያየት የሚባለውን ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ግን ይለወጣልም። የግብፁ ፕሬዝዳንት አንዋር ሳዳት በ1973 እስራኤልን የወጋ ሰው ነው። በ1977 ራሱ ኢየሩሳሌም ሄዶ በእስራኤል ፓርላማ ቆመና ከችግሩ ሰባ በመቶው በመካከላችን ያለው የሥነ ልቦና ግንብ ነው አለ። ከግብፅ በጦርነት የያዘውን ሲናን መመለስ የማይታሰብ ይለው የነበረው እስራኤላዊ ሐሳቡን ቀየረ፤ በ1979 ውል ተፈረመ። ሳዳት በ1981 በራሱ ወታደሮች ተገደለ፤ ውሉ ግን እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ የዛሬውን ቁጥር አይተሽ «አይፈልጉም» ብለሽ መዝገቡን አትዝጊ። እሑድ «ሆሣዕና» ያለች ከተማ ዓርብ ስቀለው ብላለች። ሕዝብ ሁለቱንም ይችላል።

ጌታችን ያችኑ ከተማ አይቶ ሲያለቅስ «ለሰላምሽ የሚሆነውን በዚህ ቀን አንቺስ ስንኳ ብታውቂ» ነው ያለው (ሉቃ. 19፥42)። የማታውቅ፣ የማትፈልግም መሆኗ ከማልቀስ አላገደውም። እኛስ ምን ብለን እንተዋለን?

እንግዲህ ስትጸልዪ የታጋቾቹንም የሟቾቹንም እናቶች አስቢ። የመሪዎቹን ልብ አስቢ። የፈሩትን አስቢ፤ እግዚኦታውን ለእነርሱም አድርሺ። በቴሌግራም የሚላክልሽን ቪዲዮ ሳታጣሪ አትላኪ፤ «ክፉን ለማድረግ ብዙ ሰዎችን አትከተል» (ዘጸ. 23፥2) ለስልካችንም ይሠራል። «ከእግዚአብሔር ጋር አልቆመም» ላለችው እኅትም ዴር ሱልጣንን አስታውሻት። እኛና ግብጻውያን ወንድሞቻችን በእምነት አንድ ሆነን፣ እዚያው ኢየሩሳሌም በአንድ ገዳም ስንት ዘመን ተካሰናል! በእምነት የማይገናኙት ለምን አልታረቁም ብለን ለመፍረድ ብዙም አፍ የለንም።

ልጅሽ ሰልፍ መውጣቱ ኃጢአት አይደለም፤ ለተበደለ መጮኽ መልካም ነው። ሰልፉ ላይ በአይሁድ ላይ ጥላቻ ሲሰማ ዝም ይል እንደሆነ ግን ጠይቂው። ከመቆጣትሽ በፊት መልሱን እስከ መጨረሻው አድምጪው፤ እሱም አንቺ ለጋዛ እናቶች ትጸልዪ እንደሆነ ሊጠይቅሽ ይችላል።