«ሁለት ሴት የሆንኩ ይመስለኛል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 37 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። አንዳንዴ እጄ ብር ሲቆጥር፣ እኔ ከጎን ቆሜ የማየው ይመስለኛል። ማታ ሁሉም ሲተኛ ኩሽና ቁጭ ብዬ ግጥም እጽፋለሁ። «ይቺ ነኝ እኔ» የምለው ያኔ ብቻ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ተኝቼ 11 ሰዓት እነሳለሁ። እናቴ ጸበል ግቢ ትለኛለች። እያበድኩ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፉልኝ ውስጥ እብደት የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ራስን ከውጭ የማየት ስሜት ሰው ሲጨነቅ፣ ሲደክም፣ እንቅልፍ ሲያጣ ይመጣል። «ይመስለኛል» ማለትዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የሚቆጥረው እጅ የራስዎ መሆኑን አልሳቱም። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰሙ ወይም ያደረጉትን ጨርሶ ካላስታወሱ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።

እኔን ያሳሰበኝ ግጥሙ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ከ7 እስከ 11 አራት ሰዓት ብቻ! አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ ለ7 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ያቺን ገጣሚ የሚያኖሯት ከእንቅልፍዎ እየቆረሱ ነው። ጠዋት ባንክ የምትገባው የተረፈችው ናት።

ደምዎንም ይመርመሩ፤ የደም ማነስና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለች ዕጢ) ችግር እንዲህ ያደክማሉ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ የደም ማነስ ነው፤ ደጋ ለሚኖር ልኩ ትንሽ ከፍ ይላል። ምሳ እንደበሉ ቡና የሚጠጡ ከሆነ አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ቡናና ሻይ ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ ያደርጋሉ። (አውቃለሁ፣ ከባድ ትእዛዝ ነው።)

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ከከፋዎት፣ ወይም ግጥሙም ደስ ማሰኘቱን ከተወ፣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ሐኪም ያማክሩ። ይታከማል። ሞትን መመኘት ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጸበሉን ከፈለጉ ይጠመቁ፤ ብቻ መድኃኒት ከታዘዘልዎ እንዳያቋርጡት።

ግጥሙንም አይተዉት፣ ሰዓቱን ይቀይሩት። ማክሰኞና ሐሙስ ሳህኑን ባለቤትዎ ይጠቡ። እርስዎ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደብተርዎን ይዘው መኝታ ቤት ይግቡና በሩን ይዝጉ። 4 ሰዓት ላይ መብራቱ ይጥፋ። ልጆቹ ማንኳኳታቸው አይቀርም። አባታቸው አለላቸው።